ሰውነታችን ብረቱን ለምን ይደብቃል?

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ብረት ነው። ስለ በርና ስለ መኪና ብረት ግን አይደለም፤ በደማችን ውስጥ ስላለው ብረት ነው። አንዳንድ ቃላት አዲስ ሊሆኑባችሁ ይችላሉ። አይዟችሁ! የከበዷችሁን ቃላት ትርጉም በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ታገኛላችሁ።

ነገሩ የጀመረው እኔ ቤት ነው። ባለፈው ክረምት የአራት ዓመቷ ልጄ ጆሮዋን አመማት። ትኩሳቷ ሦስት ቀን ሙሉ አልወርድ አለ። እማዬ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደውላ ስታያት ደነገጠች።

“ልጄ፣ ይቺ ልጅ እኮ ገርጥታለች! ደም አንሷታል። ምስር አብስይላት፣ ጎመን አብስይላት፣ የብረት ሽሮፕም ስጫት” አለችኝ።

ባለፈው ዓመት ሐኪም ያዘዘላት የብረት ሽሮፕ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር። ብልቃጡን አነሳሁት፤ ግን ጠዋት ሐኪም ጋ ስለምንሄድ ጠይቄ ልስጣት ብዬ መለስኩት። በማግስቱ ደሟ ተመረመረ። ውጤቱ እማዬ እንዳለችው ሆነ፤ በደሟ ውስጥ ያለው ብረት ዝቅ ብሏል።

“ታዲያ ሽሮፑን ልጀምርላት?” ብዬ ጠየቅሁ።

“አሁን አይጀምሩላት” አሉ ሐኪሟ። “መጀመሪያ ኢንፌክሽኑ ይዳን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደሟን እንደገና እናያለን።”

ተናደድኩ። “ብረቷ አንሷል እያሉኝ ብረት አትስጫት ይሉኛል?”

ሐኪሟ ፈገግ አሉ። “ብረቱ ላይጠፋ ይችላል። ሰውነቷ ደብቆት ይሆናል።”

“ከማን ነው የሚደብቀው?”

“ከባክቴሪያው” አሉኝ።

ማታ ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። “ብረት ደግሞ ይደበቃል እንዴ?” አለችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት። ያነበብኩትን ለእሷ ባስረዳሁበት መንገድ ለእናንተም ልንገራችሁ።

የተቆለፈው ጓዳ

በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ያህል ብቻ ነው። አንዲት ትንሽ ሚስማር እንደ ማለት ነው። አብዛኛው ብረት ያለው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ፣ ሄሞግሎቢን በሚባል ፕሮቲን ላይ ነው። ከሳንባችን ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ መላ ሰውነታችን የሚያደርሰው ይኸው ሄሞግሎቢን ነው። ስለዚህ ብረት ሲያንሰን ይደክመናል፣ ፊታችንም ይገረጣል።

ብረት የሚያስፈልገው ግን ለሰው ብቻ አይደለም። በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችም፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ያለ ብረት ማደግና መራባት አይችሉም። ሰውነታችን ደግሞ ለእነሱ ንፉግ ነው። እንደ ጠንቃቃ የቤት እመቤት ጓዳውን ይቆልፋል፤ ቁልፉንም ከወገቡ አይለይም።

በደም ውስጥ የሚጓዘውን ብረት ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን አጥብቆ ይይዘዋል። ትርፍ የሆነው ብረት በሴሎች ውስጥ ፈሪቲን በሚባል ጎተራ ይቀመጣል። በእንባችን፣ በምራቃችንና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ደግሞ ላክቶፈሪን አለ፤ እሱም ብረት ይይዛል። እናት እንደ ወለደች የሚወጣው ቢጫ ወተት፣ ማለትም እንገር፣ በላክቶፈሪን የበለጸገ ነው። በኢትዮጵያ አንዳንድ አካባቢዎች እንገር እየታለበ ይደፋ ነበር። የጤና ባለሙያዎች “አትድፉት፣ ልጁን ከበሽታ ይጠብቀዋል” እያሉ የሚመክሩት በከንቱ አይደለም።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? አንዱ መነሻ እንቁላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 አርተር ሼድ እና ሊዮና ካሮላይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባክቴሪያዎችን ከጥሬ የእንቁላል ነጭ ጋር አብረው አስቀመጡ። ከባክቴሪያዎቹ አንዱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ነበር። ባክቴሪያዎቹ ማደግ አቃታቸው። ተመራማሪዎቹ ብረት ሲጨምሩበት ግን እንደገና ማደግ ጀመሩ። የእንቁላሉ ነጭ ባክቴሪያዎቹን አልመረዛቸውም፤ ብረታቸውን ይዞ አስራባቸው እንጂ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ በሰው ደም ውስጥም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ነገር እንዳለ አሳዩ። ዛሬ ትራንስፈሪን የምንለው እሱን ነው።

ስንታመም ደግሞ ቁልፉ በእጥፍ ይጠብቃል። ጉበታችን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። ሄፕሲዲን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሳል፤ ብረት ያከማቹ ሴሎችም በራቸውን እንዲዘጉ ያደርጋል። በዚህ የተነሳ በሰዓታት ውስጥ በደም ውስጥ ያለው ብረት ዝቅ ይላል። የልጄ ሐኪም “ደብቆት ይሆናል” ያሉት ይህን ነው። በኢንፌክሽን ጊዜ የሚደረግ የብረት ምርመራ ለመተርጎም የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

እጁ የሞላ ዘበኛ

አሁን ደግሞ ነገሩን ከባክቴሪያው ወገን እንየው። ብረት ለባክቴሪያ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲያንስም ሲበዛም ይበላሻል። ብረት ካነሰው ባክቴሪያው ማደጉን ያቆማል። ከበዛበት ደግሞ ብረቱ በሴሉ ውስጥ ከሚገኝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ጎጂ ነገር ይፈጥራል። ይህም የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ያበላሻል። ስለዚህ ባክቴሪያው ብረትን በልኩ መያዝ አለበት።

ግን አንድ ሴል ብቻ ያለው፣ አንጎል የሌለው ፍጥረት ልኩን እንዴት ያውቃል?

መልሱ በጂኖቹ ላይ ነው። ጂን (ዘረ-መል) ማለት አንድን ፕሮቲን እንዴት መሥራት እንደሚቻል የተጻፈበት የዲኤንኤ ክፍል ነው። የምግብ አሠራር መጽሐፍን አስቡ። መጽሐፉ ውስጥ ብዙ ወጥ አለ፤ በየቀኑ ግን ሁሉም አይሠራም። ባክቴሪያም የሚያስፈልገውን ገጽ ይከፍታል፤ የማያስፈልገውን ይዘጋል።

በብዙ ባክቴሪያዎች ውስጥ የብረትን ገጽ የሚከፍተውና የሚዘጋው ፈር የሚባል ፕሮቲን ነው። ስሙ የመጣው ከእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በአጋጣሚ ግን “ፈር” የአማርኛ ቃልም ነው። በሬ ሲያርስ ማረሻው መሬት ላይ የሚያወጣው መስመር ፈር ይባላል። አንድ ነገር ከመንገዱ ሲወጣ “ፈር ለቀቀ” እንላለን። ይህ ፕሮቲንም የባክቴሪያው የብረት መጠን ፈር እንዳይለቅ ይጠብቃል።

ፈር የሚሠራው እንዲህ ነው። እንደ አንድ የበር ዘበኛ ቁጠሩት። በባክቴሪያው ውስጥ በቂ ብረት ሲኖር፣ ብረቱ ፈር ላይ ይቀመጣል። እጁ በብረት የሞላ ፈር ከመሰሉ ጋር ጥንድ ሆኖ ዲኤንኤው ላይ ይቆማል። የሚቆመው በማንኛውም ቦታ ሳይሆን ብረት የሚሰበስቡት ጂኖች በሚጀምሩበት ቦታ ላይ ነው። ጂኑን የሚያነበው የሴሉ መሣሪያ ሲመጣ መንገዱ ተዘግቶ ያገኘዋል። ጂኑ አይነበብም። ብረት የሚሰበስቡት ፕሮቲኖችም አይሠሩም።

ብረት ሲያንስስ? ፈር እጁ ላይ ያለውን ብረት ያጣል። ባዶ እጁን የሆነ ፈር ዲኤንኤውን አጥብቆ መያዝ አይችልም፤ ከበሩ ይነሳል። መንገዱ ይከፈታል፣ ጂኖቹ ይነበባሉ፣ ብረት መሰብሰቢያዎቹ መሥራት ይጀምራሉ። ብረት በቂ ሆኖ ሲገባ ደግሞ ፈር እንደገና እጁ ይሞላል፤ ወደ በሩም ይመለሳል። እዚህ ላይ ማንም አዛዥ የለም። ትእዛዝ የሚሰጠው ብረቱ ራሱ ነው።

ባክቴሪያው ብረት መፈለግ ብቻ ሳይሆን መቆጠብም ያውቃል። በአንጀታችን ውስጥ በሚኖረው ኢ. ኮላይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ይህን አሳይቷል። ባክቴሪያው ራይ-ኤች-ቢ የሚባል ትንሽ አርኤንኤ አለው። ብረት ሲኖር ፈር ይህን አርኤንኤ ያፍነዋል። ብረት ሲያንስ ግን አርኤንኤው ይለቀቅና ብዙ ብረት የሚፈጁ፣ ለጊዜው ግን የግድ የማያስፈልጉ ፕሮቲኖች እንዳይሠሩ ያደርጋል። ደመወዝ ሲዘገይ የቤት ወጪ እንደምንቀንሰው ማለት ነው።

ጓዳውን የሚሰብሩት

ፈር ከበሩ ሲነሳ የሚሠሩት መሣሪያዎች ምን ዓይነት ናቸው? ዋነኞቹ ሲደሮፎር ይባላሉ። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ “ብረት ተሸካሚ” ነው። ባክቴሪያው እነዚህን ትንንሽ ሞለኪውሎች ወደ ውጭ ይልካል። እነሱም ብረት ፈልገው፣ ከትራንስፈሪን ጭምር ነጥቀው፣ ወደ ባክቴሪያው ይዘው ይመለሳሉ። ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ የሚሠሩት ኢንተሮባክቲን የሚባለው ሲደሮፎር በተፈጥሮ ከሚታወቁት ሁሉ ብረትን እጅግ አጥብቀው ከሚይዙት አንዱ ነው።

ሰውነታችን ይህንንም ዝም ብሎ አያይም። ሊፖካሊን 2 የሚባል ፕሮቲን ይልክና ኢንተሮባክቲንን ከነብረቱ ይይዘዋል። ሌባውን መንገድ ላይ ያዘው ማለት ነው። ሳልሞኔላ ግን ለዚህም መላ አለው። የአንጀት ተስቦ ወይም ታይፎይድ የሚያመጣው ባክቴሪያ የዚሁ ወገን ነው። ሳልሞኔላ ኢንተሮባክቲን ላይ የግሉኮስ ስኳር ይለጥፍበታል። ቅርጹ ስለተለወጠ ሊፖካሊን 2 ሊይዘው አይችልም።

ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው ሜኒንጎኮከስ ደግሞ ሌላ መንገድ ይከተላል። ሲደሮፎር አይሠራም። ራሱን ትራንስፈሪንን ይይዝና ብረቱን ይገፈዋል። የሚይዝባቸው ፕሮቲኖች የተሠሩት በሰው ትራንስፈሪን ልክ ነው፤ የብዙዎቹን እንስሳት መያዝ አይችሉም። በሽታው የሰው በሽታ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የአፍሪካ ክፍል “የማጅራት ገትር ቀበቶ” ይባላል። ስለዚህ ይህ በሽታ በብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘንድ የታወቀ ነው።

ጓዳ ከመስበር ይልቅ ጭራሽ ወደ ጓዳው ያልሄደም አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ጫካ ስትሄዱ “መዥገር እንዳይነክሳችሁ” ይባላል። የሚፈራው የላይም በሽታ ነው። የላይም ባክቴሪያ በብረት ምትክ ማንጋኒዝ በሚባል ሌላ ማዕድን መኖርን ለምዷል። የተቆለፈው የብረት ጓዳ እሱን አያስጨንቀውም።

ረሃብ ሲናገር

ባክቴሪያው የብረትን ማነስ ለሌላ ነገርም ይጠቀምበታል። ብረቱ ድንገት ሲጎድል “አሁን ሰው ሰውነት ውስጥ ገብቻለሁ” እንደሚል ምልክት ይሆንለታል። ለዚህ ዲፍቴሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአማርኛ ዘጊ አናዳ ይባላል፤ ጉሮሮን ዘግቶ ትንፋሽ ስለሚያሳጣ ነው። ሕፃናትን የሚገድለው ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1936 ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳዩ። ባክቴሪያው ብረት በሞላበት ምግብ ላይ ሲያድግ መርዙን አይሠራም። ብረቱ ሲያልቅ ግን መርዙን በብዛት ይሠራል። ምክንያቱ ኋላ ላይ ታወቀ። ይህ ባክቴሪያ እንደ ፈር ያለ ሌላ ዘበኛ አለው። ዘበኛው እጁ በብረት ሲሞላ የመርዙን ጂን ይዘጋል፤ እጁ ሲጎድል ይለቀዋል። የሚገርመው የመርዙ ጂን የባክቴሪያው የራሱ አይደለም። ባክቴሪያውን ያጠቃ ቫይረስ ይዞት የመጣ ነው። ዘበኛው ግን የባክቴሪያው ነው።

የዲፍቴሪያ ክትባት የሚሠራውም ከዚሁ መርዝ፣ ጉዳት እንዳያደርስ ከተደረገ በኋላ ነው። ክትባቱን የሚያመርቱት ሰዎች ብዙ መርዝ ለማግኘት የባክቴሪያውን ብረት ያሳንሱበታል። አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን ይህን ክትባት ወስደናል። የብረት ረሃብ ባክቴሪያውን እንዲናገር ባያደርገው ኖሮ ክትባቱን በብዛት ማግኘቱ ከባድ ይሆን ነበር።

ጓዳው ተከፍቶ ሲገኝ

የብረት ቁልፍ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን የሚያሳይ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ አንድ የ60 ዓመት ተመራማሪ በድንገት ታመው ሞቱ። በቤተ ሙከራቸው ያጠኑት የነበረው የቸነፈር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ግን የተዳከመ ዓይነት ስለነበር ሰውን ይገድላል ተብሎ አይታሰብም ነበር። የተዳከመውም ብረት የሚሰበስብበትን መሣሪያ ስላጣ ነው።

ከሞቱ በኋላ በተደረገው ምርመራ ተመራማሪው ሄሞክሮማቶሲስ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ችግር እንደነበረባቸው ታወቀ። በዚህ ችግር የተነሳ ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ ብረት ያከማቻል። እሳቸው ይህን አያውቁም ነበር። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት፣ ባክቴሪያው ራሱ ሊሰበስብ ያልቻለውን ብረት በተመራማሪው ሰውነት ውስጥ ተትረፍርፎ አግኝቶት ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። መሣሪያ የሌለው ሌባ በሩን ክፍት አገኘው ማለት ነው።

ሐኪሞች ደግሞ የባክቴሪያውን ረሃብ በራሱ ላይ መጠቀም ጀምረዋል። ሴፊዴሮኮል የሚባለው አንቲባዮቲክ የተሠራው ሲደሮፎር እንዲመስል ሆኖ ነው። መድኃኒቱ ብረት ይይዛል። የተራበው ባክቴሪያ “ብረቴ መጣልኝ” ብሎ በራሱ በር ያስገባዋል። መርዝ ያለበትን ማር እንደ መላስ ነው። ይህ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ ሌሎች መድኃኒቶችን ለተላመዱ ባክቴሪያዎች ያገለግላል።

ወደ ቤታችን እንመለስ

የልጄ ትኩሳት ለቀቃት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደሟ እንደገና ተመረመረ። ብረቷ ከበፊቱ ተሻሽሏል፤ ግን አሁንም ትንሽ ያንሳል። ሐኪሟ በዚያን ጊዜ ሽሮፑን አዘዙላት። ለእማዬ ስነግራት “አላልኩሽም?” አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷም ትክክል ነበረች፣ ሐኪሟም ትክክል ነበሩ። ልዩነቱ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነበር።

ይህን አንብባችሁ ብረት እንዳትፈሩ አደራ። የብረት ማነስ ራሱ ትልቅ ችግር ነው፤ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለትንንሽ ልጆች። ሐኪም ያዘዘላችሁን ብረት በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ። ሐኪም ያላዘዘውን ደግሞ በራሳችሁ አትጀምሩ። ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ካለ “አሁን ልስጥ ወይስ ልቆይ?” ብላችሁ ጠይቁ። የብረት ክኒንና ሽሮፕ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ፤ አብዝተው ቢወስዱት ሕይወታቸውን ሊያሳጣ ይችላል። ምስሩና ጎመኑ ግን ምግብ ነው። በትኩሳትም ጊዜ ቢሆን ልጁ ከበላላችሁ ደስ ይበላችሁ።

የዛሬ ቃላት

ጓዳ፦ በቤት ውስጥ እህል፣ ቅመምና የወጥ ቤት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል።
ጎተራ፦ እህል የሚከማችበት ትልቅ ማስቀመጫ።
ገረጣ፦ የፊቱ ቀለም ጠፋ፤ የታመመ መሰለ።
ንፉግ፦ ያለውን ለሌላ ሰው መስጠት የማይወድ።
እንገር፦ እናት እንደ ወለደች መጀመሪያ የሚወጣው ወተት። የላምም እንገር አለ።
ማጅራት፦ ከአንገታችን በስተኋላ ያለው ክፍል። በማጅራት ገትር የታመመ ሰው አንገቱ ይደርቅበታል።
መዥገር፦ ከእንስሳትና ከሰው ላይ ደም የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት መሰል ፍጥረት።

በዚህ ሳምንት ለአያታችሁ ወይም ለእናታችሁ ደውሉና “በልጅነታችሁ ደም ያነሰው ሰው ምን ይበላ ነበር?” ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁ። መልሳቸውን ጻፉና በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እናንብበው። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ!